የስፓኝኛ ውሱን መስተአምር፦ አመጣጡ፣ አካሄዱና ወደ አማርኛ አመላለሱ

ከስፓኝኛ ወደ አማርኛ በሚመለሱ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመን አንድ ስሕተት አለ። ስፓኝኛው «ላ ቢዳ ኤስ ኮርታ» ይላል። «ላ» ውሱን መስተአምር፣ «ቢዳ» ሕይወት፣ «ኤስ» ነው፣ «ኮርታ» አጭር ማለት ነው። ተርጓሚው «ላ»ን አይቶ ዝም ብሎ ሊያልፋት ስለማይወድ «ሕይወቱ አጭር ነው» ብሎ ይጽፋል፤ አንባቢውም «የማን ሕይወት?» ብሎ ይጠይቃል። ስፓኝኛው የተናገረው ስለ ሰው ልጅ ሕይወት በጠቅላላው ነበር፤ አማርኛው ግን የአንድ ሰው መርዶ ሆኖ ዐረፈ። እንደዚሁም «ኤል ኦምብሬ ኤስ ሞርታል» የሚለው «ሰው ሟች ነው» መባሉ ቀርቶ «ሰውዬው ሟች ነው» ቢባል፣ የፈላስፋው ቃል የሐኪም ቃል ይሆናል።

ይህ ስሕተት ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ እንዲያውም ከጥንቃቄ የመጣ ነው። ተርጓሚው በሰዋስው ትምህርቱ «ኤል» እና «ላ» ውሱን መስተአምር መሆናቸውን ተምሯል፤ በአማርኛም ይኸው ስም ለ«-ኡ»፣ ለ«-ው»፣ ለ«-ዋ» እና ለ«-ኢቱ» እንደሚሰጥ ያውቃል። ሁለቱ አንድ ስም ስላላቸው አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስለዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ የሁለቱ ምልክቶች መነሻ የተለያየ መሆኑን፣ በአንዳንድ ስፍራ ቢገናኙም በሌላው ስፍራ መራራቃቸውን፣ የሚገናኙበትንና የሚራራቁበትን ለይቶ ለማወቅም የሕግ ዝርዝር ከመሸምደድ ታሪካቸውን መከተል የሚሻል መሆኑን ነው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ የስፓኝኛውንም ቃላት የጻፍናቸው እንደሚነገሩት ነው።

የስፓኝኛ እናት የሆነችው ላቲን መስተአምር አልነበራትም። የሮማ ሊቃውንት ይህን ጕድለት ያዩት የግሪክን ሰዋስው ሲያጠኑ ነው፤ ግሪክ መስተአምር አለውና። በ1ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው የንግግር ጥበብ መምህር ክዊንቲሊያን ግን ላቲን መስተአምር እንደማያስፈልገው ጽፎ ነገሩን በአጭሩ ዘጋው። ክዊንቲሊያን የተወለደው በስፓኝ ምድር፣ ዛሬ ካላኦራ በምትባለው ከተማ ነው። ካላኦራ የምትገኘው ላ ሪዮኻ በተባለው አውራጃ ውስጥ ነው። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ የስፓኝኛ መስተአምር በጽሕፈት ከታየባቸው ጥንታውያን ሰነዶች አንዱ የተገኘውም በዚሁ አውራጃ፣ በሳን ሚያን ገዳም ነው። የአውራጃው ስም ራሱ «ላ» የምትለውን መስተአምር ተሸክሟል። ታሪክ አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ጨዋታ ይጫወታል።

መስተአምሩ የወጣው «ያ» ከሚለው አመልካች ቃል ነው። በላቲን «ኢሌ» ለተባዕት፣ «ኢላ» ለአንስት፣ «ኢሉድ» ተባዕትም አንስትም ላልሆነ ነገር «ያ፣ ያቺ፣ ያ ነገር» ማለት ነበር። በሕዝቡ አነጋገር ይህ ቃል እየበዛ ሲሄድ የመጠቆም ኀይሉ ደከመ፤ «ያ ሰው» የነበረው «የምታውቀው ሰው» ወደ ማለት ወረደ። በ4ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ሲና የተሳለመችው ኤጌርያ በጻፈችው የጕዞ ማስታወሻ ውስጥ «ኢሌ» እና «ራሱ» የሚል ፍች ያለው «ኢፕሴ» ጥንታዊው ላቲን ከሚፈቅደው እጅግ በዝተው ይታያሉ። ከሁለቱ ስፓኝኛ «ኢሌ»ን መረጠ፤ የሰርዲንያ ደሴት ቋንቋ ግን «ኢፕሴ»ን ይዞ «ሱ» እና «ሳ» የሚሉትን መስተአምሮች አወጣ። ድምፁም አለቀ፤ «ኢሌ» «ኤል»፣ «ኢላ» በ«ኤላ» በኩል «ላ»፣ «ኢሉድ» «ሎ»፣ በብዙ ቍጥር ደግሞ «ሎስ» እና «ላስ» ሆኑ።

ከዚህ ላይ የአገራችንን ጕዳይ ማንሣት አግባብ ነው። ግእዝም እንደ ላቲን መስተአምር የለውም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ከግሪክ ወደ ግእዝ የመለሱት አባቶች በየስሙ ፊት የቆመውን የግሪክ መስተአምር ሲያዩ የገጠማቸው ችግር ከላቲን ተርጓሚዎች ችግር ጋር አንድ ነበር። ግእዝ የታወቀን ነገር ለመለየት ከሚጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ የባለቤትነት ቅጥያ ነው፤ «ብእሲሁ» ሲል እንደ አገባቡ «የእርሱ ሰው» ወይም «ሰውዬው» ሊሆን ይችላል። የአማርኛ «-ኡ» ከዚሁ ቅጥያ ጋር የተዛመደ ነው። «ቤቱ» ስንል «የእርሱ ቤት» ይሁን ወይም «ያ የምናውቀው ቤት» አገባቡ ካልለየው በቀር ቃሉ ብቻውን አይለየውም፤ «ልጅዋ»ም እንዲሁ ሁለት ፍች አላት። እንግዲህ የስፓኝኛው መስተአምር የጣት ልጅ ሲሆን የአማርኛው የእጅ ልጅ ነው፤ ያኛው ከመጠቆም፣ ይህኛው ከመያዝ ተወልዷል። ከጎረቤቶቻችን ትግርኛ በዚህ ረገድ ከአማርኛ ይልቅ ለስፓኝኛ ይቀርባል፤ «እቲ፣ እታ፣ እቶም፣ እተን» የሚሉት ከስሙ ፊት ለብቻቸው የሚቆሙ፣ ጾታና ቍጥር የሚለዩ፣ ለመጠቆምም የሚያገለግሉ ቃላት ናቸውና።

በስፓኝኛ የመጀመሪያ ዘመን መስተአምሩ ገና ከአመልካችነቱ ብዙ አልራቀም ነበር። በ10ኛውና በ11ኛው ምዕተ ዓመት መካከል እንደ ተጻፉ የሚገመቱት የሳን ሚያን የኅዳግ ማስታወሻዎች መስተአምሩን ከመስተዋድድ ጋር ተጣብቆ ያሳዩናል፤ «ኮን» (ከ…ጋር) እና «ሎ» ተዋሕደው «ኮኖ» ሆነዋል። ከእንዲህ ያሉት ውሕዶች ዛሬ በጽሕፈት የቀሩት «አል» (ወደ + ኤል) እና «ዴል» (የ + ኤል) ብቻ ናቸው። 1207 የሚል ዘመን ተጽፎበት፣ ግን በ14ኛው ምዕተ ዓመት ቅጂ በደረሰን በሲድ የጀግንነት ግጥምና በዚያው ዘመን በነበሩ ሌሎች ጽሑፎች ውስጥ፣ ረቂቅ ስሞችና አንድን ወገን በጠቅላላ የሚያመለክቱ ስሞች ብዙ ጊዜ ያለ መስተአምር ራቁታቸውን ይቆማሉ። መስተአምሩ የሚመጣው አንባቢ ወይም ሰሚ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ለመለየት ነው። በሌላ አነጋገር፣ የ12ኛውና የ13ኛው ምዕተ ዓመት ስፓኝኛ በዚህ ረገድ ከዛሬው ስፓኝኛ ይልቅ ለአማርኛችን የቀረበ ነበር። የሲድን ግጥም የሚተረጕም ሰው «ኤል»ን በ«-ኡ» ቢመልስ ብዙውን ጊዜ አይሳሳትም፤ የዛሬን ጋዜጣ የሚተረጕም ሰው ግን ይሳሳታል።

በመካከሉ የሆነው ምንድን ነው? መስተአምሩ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እየተስፋፋ ሄደ። ከታወቀው ነገር ተነሥቶ ስለ ወገን በጠቅላላ ወደሚነገረው፣ ከግዙፉ ወደ ረቂቁ አለፈ፤ የዐረፍተ ነገሩንም ባለቤት ከተሳቢው ይበልጥ አጥብቆ ያዘው። ዛሬ በተራ አነጋገር ከግሥ በፊት የሚቆም ባለቤት ያለ መስተአምር ወይም ያለ ሌላ ወሳኝ ቃል አይመጣም ማለት ይቻላል። «ቶሞ ካፌ» ማለት «ቡና እጠጣለሁ» ነው፤ ቡናው ተሳቢ ስለ ሆነ መስተአምር አላስፈለገውም። «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ግን «ቡና ደስ ይለኛል» ማለት ነው፤ በስፓኝኛው እንደ አማርኛው ሁሉ ደስ የሚያሰኘው ቡናው ባለቤት ነውና «ኤል» መጥቷል። ይህን «ቡናው ደስ ይለኛል» ብሎ የተረጐመ ሰው አሁን ስለ ቀረበለት ስኒ የተናገረ ይመስላል። እንግዲህ በዛሬው ስፓኝኛ መስተአምር «ይህን ታውቀዋለህ» ብቻ ሳይሆን «ይህ ስም የንግግሩ ርእስ ሆኖ በሙሉ ስፋቱ ተወስዷል» የሚልም መልእክት አለው። አማርኛ ይህን ሁለተኛውን መልእክት የሚያስተላልፈው ስሙን ያለ ምልክት በመተው ነው።

በመካከለኛው ዘመን መስተአምርና ባለቤትነት አብረው ይሄዱ ነበር። ዛሬ «ሚ ካሳ» (ቤቴ) የሚባለው ያኔ «ላ ሚ ካሳ» ሊባል ይችል ነበር። ይህ አነጋገር ከጊዜ በኋላ ከመደበኛው ቋንቋ ጠፍቶ በአስቱሪያስና በሌዮን አካባቢ ባሉ የአነጋገር ዘዬዎች ቀርቷል። አማርኛ ግን ሁለቱን ዛሬም ሳይቸገር ያዛምዳል፤ «ትልቁ ልጄ» ስንል ቅጽሉ «-ኡ»ን፣ ስሙ «-ኤ»ን ይዘዋል፤ ማንም «አንዱ ይበቃል» አይልም።

መዝገበ ቃላት ለሚያዘጋጁ ሰዎች እጅግ የሚያስቸግረው የ«ኤል አጉዋ» ነገር ነው። «አጉዋ» (ውኃ) አንስት ስም ነው፤ ሆኖም መስተአምሩ «ኤል» ነው። አንድ ለግል ጥቅም የተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር አይተናል፤ አዘጋጁ «አጉዋ»ን፣ «አልማ»ን (ነፍስ)፣ «አምብሬ»ን (ረኃብ) እና «አጊላ»ን (ንስር) በተባዕት ተራ አሰልፎአቸዋል። ፍርዱ ከሚያየው ነገር የተነሣ ነበርና አይፈረድበትም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የአንስቱ መስተአምር «ኤላ» በነበረበት ጊዜ፣ በአናባቢ ከሚጀምር ስም በፊት የመጨረሻውን «አ» ጥሎ «ኤል» ይባል ነበር፤ በሌላው ስፍራ ደግሞ የመጀመሪያውን «ኤ» ጥሎ «ላ» ሆነ። ስለዚህ የ«ኤል አጉዋ» «ኤል» ተባዕቱ «ኤል» አይደለም፤ ተባዕቱን የምትመስል አንስት ናት። መጀመሪያ በየትኛውም አናባቢ ፊት ትመጣ ነበር፤ ቀጥሎ በ«አ» ፊት ብቻ፣ በመጨረሻም ድምፁ ጠብቆ በሚነገር «አ» ፊት ብቻ ተወሰነች። «ኤል አጉዋ ፍሪያ» (ቀዝቃዛ ውኃ) ሲባል ቅጽሉ በአንስት መምጣቱ፣ በብዙ ቍጥርም «ላስ አጉዋስ» መባሉ ለዚህ ምስክር ነው። «ላ አባና» የምትለው የኩባ ዋና ከተማ «ላ»ን የያዘችው የመጀመሪያው «አ» ስለማይጠብቅ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ የማይገዛቸው አሉ፤ ሔግ የተባለችው የሆላንድ ከተማ ጠባቂ «አ» እያላት «ላ አያ» ትባላለች። መዝገበ ቃላቱ ጾታውን ከስሙ ጎን መጻፍ እንጂ መስተአምሩን አይቶ መገመት ለተጠቃሚው መተው የለበትም።

ዐረብኛ በስፓኝ ምድር ብዙ መቶ ዓመታት ሲነገር ቈይቶ ለስፓኝኛ በርካታ ቃላት አውርሷል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ የዐረብኛውን መስተአምር «አል-» እንደ ተሸከሙ ገብተዋል። ጥጥ «አልጎዶን»፣ ስኳር «አሱካር»፣ ዘይት «አሴይቴ»፣ ከንቲባ «አልካልዴ» ይባላሉ፤ የመጨረሻው ከ«አል-ቃዲ» የመጣ ሲሆን ዳኛው ከንቲባ ሆኗል። ስፓኝኛው መስተአምርነቱን ሳያውቅ የራሱን ስለ ጨመረበት «ኤል አሱካር» የሚለው መስተአምር በመስተአምር ላይ ነው። አማርኛ «ስኳር» ሲል ይህን ሸክም አልተሸከመም፤ በአውሮፓ በኩል ዞረው በመጡት በ«አልጀብራ» እና በ«አልኮል» ግን እኛም ሳናውቀው ተሸክመነዋል።

የስፓኝኛን ሰዋስው በ1492 አሳትሞ ለንግሥት ኢሳቤል ያቀረበው አንቶንዮ ዴ ኔብሪኻ መስተአምርን ከዐሥሩ የንግግር ክፍሎች አንዱ አድርጎ ቈጠረው፤ ላቲን የሌለውን ክፍል ለቋንቋው መስጠቱ ድፍረት ነበር። ሥራውን ሲያስረዳ ግን የስሙን ጾታ ለማሳየት የሚጨመር ነው አለ። ይህ ከ«ኤል አጉዋ» ጋር እንዴት እንደሚጋጭ አንባቢው ያያል፤ ኔብሪኻም ራሱ ይህን አነጋገር አስተውሎ ከድምፅ አለመመቸት የመጣ ነው ሲል አስረድቷል። በ1847 በቺሌ ሰዋስውን ያሳተመው ቬኔዝዌላዊው አንድሬስ ቤዮ ከዚህ የጠለቀ ነገር ተናገረ፤ መስተአምሩ ከአመልካች ቃላት ወገን ነው፣ «ኤል» የሚለው መስተአምርም «እርሱ» የሚለው ተውላጠ ስም አጭር መልክ ነው አለ። በ1933 አማዶ አሎንሶ ያለ መስተአምር የሚመጣ ስም የነገሩን ምንነት፣ ከመስተአምር ጋር የሚመጣው ግን በእውን ያለውን ነገር እንደሚያመለክት አስተማረ። በ1961 ራፋኤል ላፔሳ ከአመልካችነት ወደ መስተአምርነት የተደረገውን ጕዞ በታሪክ ሰነድ ተከትሎ ጻፈ። እኛን ለአማርኛ እጅግ የጠቀመን ቤዮ ነው፤ ምክንያቱን እናሳያለን።

በስፓኝኛ መስተአምሩ ስሙን ትቶ ብቻውን ሊቆም ይችላል። «ኤል ሮኾ» ማለት «ቀዩ»፣ «ላ ሮኻ» ማለት «ቀይዋ» ነው፤ «ኤል ኬ ቢኖ» «የመጣው»፣ «ላ ኬ ቢኖ» «የመጣችው»፣ «ሎስ ኬ ቢኒዬሮን» «የመጡት» ይሆናሉ። ከዚህ ላይ አማርኛና ስፓኝኛ በመልክ በመልኩ ይገጥማሉ፤ «ኤል» በ«-ው»፣ «ሎስ» በ«-ት» ይተካል፤ ትርጕሙም አይጐድልም። በቤዮ አነጋገር «ኤል» እዚህ ተውላጠ ስምነቱን አልተወም፤ የኛም ቅጥያ ከተውላጠ ስም የወጣ ነውና በዚህ በር ላይ ይገናኛሉ። ስም በሌለበት ይስማማሉ፣ ስም በመጣበት ይለያያሉ ብንል ከእውነቱ አንርቅም። «ሎ» የሚለው ብቻ አቻ የለውም፤ አማርኛ ተባዕትም አንስትም ያልሆነ ሦስተኛ ጾታ ስለሌለው «ነገር» የሚለውን ቃል ይጠራል። «ሎ ኢምፖርታንቴ» «ዋናው ነገር»፣ «ሎ ቡዌኖ» «መልካሙ ነገር» ይሆናሉ። «ኖ ሳቤስ ሎ ካንሳዶ ኬ ኤስቶይ» ሲል ግን «ነገር»ም አይረዳም፤ ትክክለኛው «ምን ያህል እንደ ደከመኝ አታውቅም» ነው፤ መስተአምሩ «ምን ያህል» ሆኖ ይመለሳል።

ስለ ሰውነት ክፍል ሲነገር ደግሞ ስፓኝኛው መስተአምርን፣ አማርኛው የባለቤትነትን ቅጥያ ይወዳል። «ሜ ላቤ ላስ ማኖስ» «እጄን ታጠብሁ» ነው፤ «እጆቹን ታጠብሁ» ያለ ተርጓሚ የሌላ ሰው እጅ ያጠበ ያስመስላል። «ሌ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ግን «ራሱን ያመዋል» ተብሎ ሲመለስ ሁለቱ ቋንቋዎች የተስማሙ ይመስላሉ። ነገሩ አጋጣሚ ነው፤ የኛ «-ኡ» እዚህ ባለቤቱን ይናገራል፣ የእነርሱ «ላ» ባለቤቱን ለ«ሌ» ትታ ስሙን ብቻ ትለያለች። ይህን ለማረጋገጥ አንደኛውን መደብ ማየት ይበቃል፤ ስፓኝኛው «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ብሎ «ላ»ን ሳይለውጥ፣ አማርኛው «ራሴን ያመኛል» ብሎ ቅጥያውን ይለውጣል። ከዕለታትም ጋር መስተአምሩ የራሱ ሥራ አለው፤ «ኤል ሉኔስ» «ሰኞ ዕለት» ሲሆን «ሎስ ሉኔስ» «ሰኞ ሰኞ» ወይም «በየሰኞው» ነው፤ አማርኛ በድግግሞሽ የሚናገረውን ስፓኝኛ በብዙ ቍጥር መስተአምር ይናገረዋል።

ስለዚህ በስፓኝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ኤል» በሚለው ቃል ሥር «-ኡ፣ -ው» ብቻ ጽፎ ማለፍ ተጠቃሚውን ማሳሳት ነው። እኛ የምንመክረው ፍቺው ያለ ምልክት ከሚመለሰው አገባብ እንዲጀምር ነው፤ ጀማሪው አብዝቶ የሚሰናከለው እዚያ ነውና። «-ኡ» ሁለተኛ፣ የባለቤትነት ቅጥያ ሦስተኛ ሆነው ይከተሉ፤ ስም የሌላቸው አገባቦች ለብቻቸው ይቀመጡ። በቦታ ስሞች ላይ መስተአምሩ የስሙ አካል ከሆነ አይነካም፤ «ላ ፓዝ» እና «ኤል ሳልቫዶር» እንደ ነበሩ ይጻፋሉ። ስፓኝኛው «ኤል ካይሮ» እና «ላ ኢንዲያ» ሲል ግን እኛ «ካይሮ» እና «ህንድ» ብለን መስተአምሩን እንተወዋለን፤ ስሞቹን ከስፓኝኛ አልወሰድናቸውምና።

አንድ ስም በተለይ ልናነሣ እንወዳለን። በአገራችን ስፓኝኛ ከሚያውቁት ብዙዎቹ ቋንቋውን የተማሩት ኩባ ውስጥ ነው፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ትምህርት የተከታተሉበት ደሴት እስከ 1978 «ኢስላ ዴ ፒኖስ»፣ ማለት የጥድ ደሴት ይባል ነበር፤ በዚያ ዓመት «ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ» ተባለ። ጥዱ ያለ መስተአምር ነበር፤ «ኹቤንቱድ» ግን «ላ»ን ይዞ መጣ። «ኹቤንቱድ» ወጣትነትም የወጣቶች ወገንም ማለት ነው፤ «ላ» ያንን ወገን በሙሉ ስፋቱ ታነሣዋለች። በአማርኛ «የወጣቶች ደሴት» እንላለን፤ ቃሉ በስፓኝኛ ነጠላ ሳለ በአማርኛ ብዙ ሆነ፣ መስተአምሩም ቀረ። «የወጣቶቹ ደሴት» ብንል ግን ደሴቲቱን ለተወሰኑ ወጣቶች ርስት አድርገን እንሰጣቸዋለን።